የመሪ ወገብ

መሪዎች ወደ ውጭ አገር በተጓዙ ቁጥር ከተቀመጠበት ሳይነሣ አብሯቸው የሚጓዝ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ከአውሮፕላን ሲወርዱ ደረጃውን አብሯቸው ይወርዳል፤ ቀዩን ምንጣፍ አብሯቸው ይረግጣል፤ እጅ ሲጨባበጡ የራሱ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ። ማን ቀድሞ እጁን እንደዘረጋ፣ ማን ሶፋው ላይ ተንሰራፍቶ ማን ጫፉ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የማን ባንዲራ በቀኝ የማን በግራ እንደቆመ እሱ ካልነገረን ማናችንም አናስተውልም። ስለ ስምምነቱ ብትጠይቁት ግድ የለውም። ስምምነት ዛሬ ተፈርሞ ነገ ይቀደዳል፤ አቋቋም ግን ፎቶ ላይ ይቀራል ባይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሰፈሬ የለም የሚል ካለ ሰፈሩን በደንብ አላየውም።

ለከሊል የደረሰው ሽጉጤ ነው።

ክቡር አቶ ሽጉጤ በደቡብ አፍሪካዋ ጻካኔ ስፓዛ የሚባለው የአንድ የሰፈር ሱቅ ጌታ፣ የፊቤ ባል፣ የትንሿ ማራናታ አባት፣ ከዚያ በተረፈ ደግሞ ማንም ሳይሾማቸው የዓለም መንግሥታት ሁሉ የፕሮቶኮል ሹም ናቸው። ማዕረጋቸውን ካስታወቅን ዘንዳ ከዚህ በኋላ ከሊል እንደሚጠራው «ሽጉጤ» እንበለው፤ አለበለዚያ ታሪኩ አያልቅም። ከሊል ብርድ ልብስ፣ የፕላስቲክ ጫማና የስልክ ሽፋን ይሸጣል። የሁለቱም ሱቅ ማኩማሎ የሚባሉ የዙሉ እናት ግቢ ፊት ላይ ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ከብሎኬት ነው ይባላል እንጂ ድምፅ ሲያግድ የታየበት ጊዜ የለም። ከሊል ስድስት ዓመት ሙሉ የዓለምን ዲፕሎማሲ የተከታተለው በዚያ ግድግዳ በኩል ነው።

ነገሩ የከረረው በኮሮናው ሎክዳውን የመጀመሪያ ወር ነው። ምግብ የሚሸጥ ሱቅ ይከፈት፣ ሌላው ይዘጋ ተባለ። የሽጉጤ ሱቅ ዳቦና ወተት ስላለው ተከፈተ፤ የከሊል ብርድ ልብስ ስለማይበላ ተዘጋ። ከሊል ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ከማየት ብሎ ሽጉጤ ሱቅ ውስጥ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ መዋል ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ለሽጉጤ ጎደሎ የነበረው ነገር የማይሸሽ አድማጭ ነበር፤ መንግሥት አስሮ አመጣለት።

ከዲፕስሉት ሰፈር ተነሥቶ ባኪ በሚሏት ፒክአፕ እየዞረ ዕቃ የሚያከፋፍለው ሚፍታህ አንድ ቀን ለነጋዴዎቹ የዋትስአፕ ግሩፕ የአሥራ ሁለት ሰከንድ ቪዲዮ ላከ። አንድ የሆነ አገር መሪ ቶኪዮ ሄዶ አንድ የጃፓን ትልቅ ሰው ፊት ይቆምና እንደ አገሩ ሰዎች እጁን በጎኑ አድርጎ ከወገቡ ጎንበስ ይላል። ያ ብቻ ነው። ሌላው ሰው አይቶ ወደሚቀጥለው አለፈ። ሽጉጤ ግን ሁለት ሴቶች ከመስኮቱ ውጪ ተራርቀው ዳቦ እየጠበቁ ጮኸ።

«እየው! እየው! ከሊል፣ እየው ሰውዬውን!»

«አየሁት።»

«ምን አየህ?»

«ሰላም አለ።»

«ሰላም አለ?» ሽጉጤ ማስኩን ወደ አገጩ አወረደው፤ እንዲህ ያለ ነገር በጨርቅ ውስጥ አይነገርም። «ወንድሜ፣ አገር ነው የተጠቀለለው! የመሪ ወገብ የግሉ አይደለም! እጁ የግሉ ይሁን፣ እግሩም ይሁን፣ ወገቡ ግን የሕዝብ ነው!»

ከዚያ ተነሥቶ ትምህርት ቤት በመዘጋቱ ገዢ ያጣውን የጂኦሜትሪ ሳጥን ከመደርደሪያ አወረደ፤ ፕሮትራክተሩን አወጣ፤ ቪዲዮውን አቁሞ ስልኩ ላይ ለጠፈው። አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሃምሳ ሁለት ዲግሪ! ጉድ በል!»

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«ዜሮ። ለሐዘን ከሆነ አሥር።»

«የየት አገር መሪ ነው ግን?»

«እሱ ምን ለውጥ ያመጣል?» አለ ሽጉጤ ከልቡ ተገርሞ። ያ መሪ የየት አገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

ፊቤ ከጓዳ በር ላይ ስኳር በትናንሽ ላስቲክ እየቋጠረች ነበር። ፊቤ ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን እጇን ከሥራ አታነሣም። «የማራናታ አባት፣ ሰው ቤት ገብተህ ጫማ አውልቅ ብትባል አታወልቅም?»

«ጫማ የራሴ ነው። ወገብ ግን...»

«የሕዝብ ነው፤ ሰምተናል። የእምነት አባቶችም በሰው አገር ሳሉ ለባለአገሩ እጅ ነስተዋል እኮ።»

«እነሱ ፕሬዚዳንት አልነበሩም!»

ከሊል በዚህ ጉዳይ ላይ የራሱ አቋም ነበረው። እሱ ለፈጣሪው ካልሆነ ለማንም አይሰግድም፤ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ግን ደግሞ ነገር ሲጋነን አይወድም። «ስማ ሽጉጤ፣ እነሱ ጋ እኮ ሰላምታ ነው። እኛ ትከሻ ለትከሻ ስንጋጭ ያየ ፈረንጅ ተጣሉ አይልም?»

ሽጉጤ ለዚህ መልስ አላጣም። ለምንም ነገር መልስ አጥቶ አያውቅም። «ትከሻ አግድም ነው፤ አግድም ችግር የለውም። ችግሩ ወደ ታች ነው!»

እንዲህ ሲባባሉ ወራት አለፉ። በሽታው ሰዉን ከእጅ መጨባበጥ ሲያግደው ሁሉም በክርኑ መነካካት ጀመረ፤ ሽጉጤ ክርን ለሰው ልጅ ክብር አይመጥንም ብሎ የራሱን ሰላምታ አወጣ። ቀኝ እጅ ደረት ላይ፣ አገጭ አንድ ጣት ያህል ከፍ፣ ዓይን ወደፊት። የሰፈሩ ልጆች «ማይ ፍሬንድ ጀነራል» እያሉ ይህንኑ ሰላምታ በመንገድ ላይ ይሰጡት ነበር፤ እሱም ሳይስቅ ይመልስላቸዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት በስልክ በሆነበት ሰሞን መጋቢው ትምህርታቸውን ጨርሰው «ጥያቄ ያለው» ቢሉ የመጀመሪያው እጅ የሱ ሆነ። መጋቢው የመሪን ወገብ ጥያቄ ከሰሙ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ድምፃቸው ጠፋ፤ ሰዉ ኔትዎርክ ነው ብሎ ነበር። «ወንድም ሽጉጤ፣ ዛሬ የተማርነው ስለ ትዕግሥት ነው» አሉ በመጨረሻ። በዓመቱ ቶኪዮ ላይ ኦሎምፒክ ሲካሄድማ ሩጫውን ያየለት የለም። ሜዳሊያ የሚሰጡ ባለሥልጣናት ማን ለማን ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ሁለት ሳምንት ሙሉ በደብተር ያዘ።

አሁን እውነቱን እንናገር ከተባለ ከሊልን የሚያበግነው ሌላ ነገር ነው። በጻካኔ እንደ ሽጉጤ ሲታጠፍ የሚውል ሰው አልነበረም።

የስፓዛ መስኮት ሌባ እንዳይገባበት ከላይ እስከ ታች በብረት የተዘጋ ነው። ዳቦና ወተት የሚያልፍበት አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው፤ የሽጉጤን ሱቅ የበየደው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ ቀዳዳዋን እምብርት ትይዩ አድርጓታል። ዕቃ ለማቀበልም ሆነ የገዢውን ፊት ለማየት ጎንበስ ማለት ግድ ነው። በዚያ ላይ አስተዳደጉ አለ። ሽጉጤ ለሰው ዕቃ በአንድ እጁ ሰጥቶ አያውቅም፤ ቀኙን በግራው ደግፎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ንጊያቦንጋ ማማ»፣ አመሰግናለሁ እናቴ፣ ብሎ ነው። ዳቦ ለጠየቀ ይታጠፋል፤ ሳሙና ለጠየቀ ይታጠፋል፤ ስንት ነው ብሎ ሳይገዛ ለሄደም ይታጠፋል። ዱራሜ ካሉት አማቱ ጋር በስልክ ሲነጋገር ደግሞ ብድግ ብሎ ቆሞ፣ እሳቸው ባያዩትም፣ በየ«አቤት»ው ለስልኩ እጅ ይነሳል። አንድ ቀን ከሊል ሥራ ፈትቶ ከጠዋት ጀምሮ ሲቆጥር መቶ አሥራ አራት ላይ ምሳ ደረሰና ተወው።

«ሽጉጤ፣ ጃፓኖቹ ራሳቸው ይሄን ያህል አይችሉትም።»

«ይሄ ሥራ ነው!»

«ያም ሰውዬ ሥራ ላይ ነበር።»

«እኔ እንደ ግለሰብ ነው የምታጠፈው» አለ ሽጉጤ፣ ግማሽ ዳቦ በቀዳዳዋ እያሾለከ፣ ጎንበስ እንዳለ። «አገር ወክዬ የሄድኩ ቀን ታየኛለህ።»

በሁለተኛው ዙር በሽታው ከሊልን አገኘው። ኦሎምፒኩ ገና ሳይደርስ፣ ጥር ላይ ነበር። ሚስቱ ባህሪያ ወራቤ ናት፤ እሱ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻውን ተኛ። ፊቤ ጠዋትና ማታ ሾርባ በሩ ላይ ታስቀምጣለች። ሽጉጤ ደግሞ ሱቁን ለፊቤ እየተወ ሁለት ማስክ ደርቦ፣ ሳጥን አምጥቶ፣ ከመስኮቱ ውጪ ይቀመጥና ያለ ርኅራኄ ዜና ያነባል። የትኛው መሪ የትኛውን ተቀበለ፣ ማን ማንን በር ላይ ወጥቶ ጠበቀ፣ ማን ሳይጠበቅ ቀረ። ከሊል ለመከራከር አቅም አልነበረውም፤ ሽጉጤም በሕይወቱ እንዲህ ያለ መግባባት ገጥሞት አያውቅም።

በዘጠነኛው ቀን የከሊል ደረት ከበደው። ሽጉጤ ስለ አንድ የክብር ዘብ አሰላለፍ እያወራ ድንገት አቋረጠ።

«ከሊል?»

መስኮቱን በጣቱ አንኳኳ።

«ከሊል፣ አንድ ጊዜ ሳልልኝ በቃ።»

ከሊል እንደምንም ብሎ ሳለ።

«ተባረክ። እና ባንዲራው በግራ በኩል ነበር አልኩህ» ብሎ ቀጠለ፤ ሳጥኑን ግን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። አሥራ ስድስት ቀን አንድም ቀን ሳይቀር መጣ። ከሊል ሲድን በመጀመሪያ ያደረገው ነገር የክብር ዘቡን ጉዳይ አንሥቶ መከራከር ነው።

እንግዲህ አገር የመወከሉ ቀን የደረሰው ከዚያ በዘጠነኛው ወር፣ ጥቅምት ላይ ነው።

የማኩማሎ ታላቅ ወንድም፣ ባባ ኩማሎ፣ መንገዱ ሲከፈት ከኖንጎማ መጡ። ሰማንያን ያለፉ፣ በቤተሰቡ ውስጥ የመጨረሻው ቃል የሳቸው የሆነ ሰው ናቸው። የመጡትም በምክንያት ነው። አንድ ሰውዬ የግቢውን ፊት በሙሉ ልከራየው፣ ሁለቱን ሱቆች አፍርሼ መኪና ማጠቢያ ልሥራበት ብሎ ነበር። ማኩማሎ ከተከራዮቻቸው ጋር ክፉ ደግ ስላዩ አልወደዱትም፤ ግን «የአባታችን ግቢ ነው፤ የሚወስነው ወንድሜ ነው» አሉ። ሽማግሌውም «እነዚህን ሁለት ኢትዮጵያውያን እሑድ ከሰዓት አምጪልኝ፣ ልያቸው» ብለው አዘዙ።

ይህ ቀልድ አልነበረም። ሽማግሌው አይሆንም ካሉ በወሩ መጨረሻ መውጣት ነው። በዚያ ዓመት ደህና ሱቅ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ለጤነኛም የሚቻል አልነበረም፤ ከሊል ገና ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው ነው። ማራናታም በዚያው መንገድ ማዶ ትምህርት ቤት ከገባች ዓመት አልሞላትም። ፊቤ ቅዳሜ ማታ ለባልዋ የተናገረችው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የማራናታ አባት፣ ነገ አፍህን ብቻ ያዝልኝ።»

ሽጉጤ ግን አፉ ላይ አልነበረም፤ ወገቡ ላይ ነበር። ቅዳሜን ሙሉ ልምምድ ዋለ። ፊቤ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ሽማግሌውን ሆነች፤ ከሊል የልዑካን ቡድኑ ጸሐፊ ተባለ። ቡድኑ ሁለት ሰው ነው።

«አስቤበታለሁ» አለ ሽጉጤ። «እኛ ጋ ለትልቅ ሰው ምን ይደረጋል? ይቆማል። ቁጭ ያለ ይነሣል፤ የቆመ አይቀመጥም። ስለዚህ ገብቼ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ክብርም ሰጠሁ፣ ወገቤም አልታጠፈም። ገባህ?»

ከሊል ነገሩን ወደዚህም ወደዚያም አገላብጦ አየው፤ እንከን አላገኘበትም። እንዲያውም ሰውየው ለአንድ ጊዜ ትክክል ሳይሆን አልቀረም ብሎ ደነገጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዳቦ ሲሸጥላቸው ከኖረው ሰው ሁሉ አንዱን ጠርቶ «እናንተ ጋስ ሽማግሌ ፊት እንዴት ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ግን ለሽጉጤም፣ ለከሊልም፣ ለፊቤም ትዝ አላላቸውም። ማታ ላይ ሽጉጤ ለግሩፑ «ነገ አገር ወክዬ እገባለሁ፤ የመሪ ወገብ እንዴት እንደሚያዝ ታያላችሁ» ብሎ ጻፈ። ሚፍታህ ሦስት የሚስቁ ፊቶች ላከ።

እሑድ ሽጉጤ የሠርግ ሱፉን ለበሰ። ተፈጥሮ ቁመት ሰጥቶታል፤ ሱፉ ደግሞ ጨመረበት። ከሊል ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ተከተለው። ግቢውን አቋርጠው አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ከተጓዙ በኋላ የማኩማሎ ሳሎን ደረሱ።

ባባ ኩማሎ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነዋል። ብርድ ልብሱ ከከሊል ሱቅ የተገዛ መሆኑን ከሊል አውቆት ትንሽ ልቡ ተረጋጋ። ዱላቸው አጠገባቸው ተጋድሟል። ሽጉጤ በሩን አልፎ ሁለት እርምጃ ገባ፤ «ሳኒቦናኒ ባባ» ብሎ ሰላም አለና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አገጩን አንድ ጣት ከፍ አድርጎ፣ ቀጥ አለ። ከሊልም ከኋላው ቀጥ አለ። ሽማግሌው የሽጉጤን ፊት ለማየት አንገታቸውን ወደ ኋላ መቆልመም ነበረባቸው።

«ህላላኒ ፓንሲ» አሉ።

ተቀመጡ ማለታቸው ነው፤ ጻካኔ አንድ ሳምንት የቆየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ግን እናቱ ያሳደገችው ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያው ተቀመጥ ዘጭ አይልም፤ ነውር ነው። «ግድ የለም ባባ፣ እንቆማለን» አለ ሽጉጤ በሱቅ ዙሉው፣ ፈገግ ብሎ።

«ህላላኒ ፓንሲ» አሉ ሽማግሌው ደግመው፣ አሁን ፈገግታ ሳይኖርበት።

በሁለተኛውም አይቀመጡም፤ ይሄም የታወቀ ነው። «አይ ባባ፣ ለእርስዎ ነው የምንቆመው፤ ረስፔክት!» ብሎ ሽጉጤ ይባስ ደረቱን ነፋ። ከሊል ግን የሽማግሌውን ዓይን አየ። በዚያ ዓይን ውስጥ ክብር እንደተሰጠው ሰው የሚመስል ነገር አልነበረም። የሽጉጤን ኮት ከኋላ ሳብ አደረገ፤ ሽጉጤ ልዑክ ሆኖ ኮቱ ሲሳብ የሚሰማ ሰው አይደለም።

በሦስተኛው ባባ ኩማሎ ዱላቸውን አንሥተው ወለሉን ጓ አደረጉት። «ህላላኒ!» ሽጉጤ በደመ ነፍስ የበለጠ ቀጥ አለ፤ ሰው ሲቆጣ የሚቆመው እንዲያ ነዋ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ወደ ማድቤት ጮክ ብለው ለእህታቸው የሆነ ነገር ተናገሩ። ረጅም ነበር። ከሊል ከዚያ ሁሉ የያዘው «ማፖዪሳ» የምትለውን ብቻ ነው። ፖሊስ። ቤቴ ገብቶ ቆሞ የሚያናግረኝ ፖሊስ ብቻ ነው ማለታቸው መሆኑን ያወቀው ኋላ ነው። ከሊል ሱቁን፣ ብርድ ልብሱን፣ ባህሪያን፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አሰባቸው። አለቀልን አለ በልቡ።

በዚህ ጊዜ ማኩማሎ ትሪ ይዘው ገቡ። ለስላሳና ትናንሽ ዳቦ ነው። እሳቸው ወንድማቸውና እንግዶች ፊት ሲያቀርቡ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ለመንበርከክ ጀመሩ። የቀኝ ጉልበታቸው ሕመም አለበት፤ ሽጉጤ ይህን ያውቃል፣ ስድስት ዓመት የጋዝ ሲሊንደራቸውን ሲሸከምላቸው የኖረው እሱ ነው። አንድ እጃቸውን ግድግዳ ላይ ደግፈው፣ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው፣ ቀስ እያሉ ወረዱ።

ሽጉጤ ይህን አይቶ ምን እንዳሰበ አይታወቅም፤ ያሰበም አይመስልም።

«እኔን! እኔን ማ! ኖ ማ!» ብሎ የሠርግ ሱፉን እንደለበሰ በሁለት ጉልበቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ማኩማሎ ጉልበታቸው መሬት ሳይነካ ትሪውን ከታች በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ግንባሩ ዳቦውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሃምሳ ሁለት ዲግሪ የትም አልደረሰ፤ የሽጉጤ ወገብ በዚያች ሰከንድ ለፕሮትራክተር በሚያስቸግር ሁኔታ ታጥፎ ነበር። ከዚያም ምን እንዳደረገ ገባው። ጆሮው ቀላ። ቀና ቢል ከሊልን ሊያይ ነው፤ ከሊልን ማየት አልቻለም። ትሪውን እንደያዘ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝም አለ። ከሊልም የቆመበት ምክንያት ስለጠፋው አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ባባ ኩማሎ ከመስኮቱ ዞረው ወደ ታች አዩዋቸው። አንገታቸውን መቆልመም አላስፈለጋቸውም።

«ኤህ» አሉ። «አሁን ገባችሁ።»

የቀረውን ማኩማሎ ወንበር ላይ አረፍ ብለው፣ ሳቃቸውን በማስካቸው እየሸፈኑ አስረዷቸው። በዙሉ ቤት ሽማግሌ ላይ ተቆሞ አይነገርም። የገባ ሰው ቶሎ ይቀመጣል፣ ዝቅ ይላል፣ ዓይኑንም ይሰብራል። «ወንድሜ ሊጣሉኝ ነው የመጡት ብሎ ነበር» አሉ። «በተለይ ይሄ ረጅሙ።»

ሽማግሌው ረጅሙን ስለ አባቱ ጠየቁት። ከብት አላቸው ወይ? ስንት? ዝናቡ እንዴት ነው? ሽጉጤ ከኀፍረቱ የተነሣ ቀና ሳይል፣ በአጭር በአጭሩ፣ ወደ ወለሉ መለሰ። ሽማግሌውም በየመልሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በመጨረሻም «እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ከየት መጣ?» አሉ። ዳቦው ሳያልቅ ነገሩ አለቀ። መኪና የሚያጥበው ሰውዬ ሌላ ቦታ ይፈልግ፣ ልጆቹ ባሉበት ይቆዩ አሉ።

ከሊል ወጥቶ ግቢው መሀል ቆሞ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ሊያቅፈው ዞረ። ሽጉጤ ግን ከቀብር የተመለሰ ሰው ይመስል ነበር።

«ሙሉ በሙሉ ታጠፍኩ» አለ።

«ሱቁ ተረፈ እኮ!»

«ሱቁማ ተረፈ። ጌታ ይመስገን።» የሱፉ ጉልበት ላይ የቀረውን አቧራ እያራገፈ ቆየ። «በክርክር ቢሆን አይቆጨኝም ነበር ከሊል። አስገድደውኝ ቢሆንም አይቆጨኝም። ማንም ሳይነካኝ ነው የታጠፍኩት። ለሰዉ ምንድነው የምለው?»

ከሊል ይህን ቀን አንድ ዓመት ተኩል ጠብቆታል። በልቡ ያዘጋጀው ንግግር ነበር፤ ፕሮትራክተሩን ከመደርደሪያ አውርዶ እንዴት እንደሚይዘው ሳይቀር ተለማምዶበት ነበር። አሁን ግን ሰውየውን አየው፤ ጉልበቱ ላይ አቧራ ያለበት፣ ረጅም፣ የተሸነፈ ሰው። ንግግሩ ከአፉ አልወጣም አለው።

ሰኞ ጠዋት ሚፍታህ ባኪውን አቁሞ ዕቃ ሳያወርድ ወደ ሱቁ መጣ። ከጎረቤት መንገድ ያሉ ሁለት ነጋዴዎችም ወሬ ሽቷቸው ተከትለውታል። ሽጉጤ ከብረቱ በስተኋላ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከዚህ በፊት ተደርድረው የማያውቁ የዓሣ ጣሳዎችን በቁመት በቁመታቸው ይደረድር ነበር። ፊቤ ስኳሯን ትቋጥራለች።

«እህስ?» አለ ሚፍታህ። «ክቡርነታቸው ታጠፉ ወይስ አልታጠፉም?»

ሽጉጤ አልዞረም። አንድ ጣሳ እጁ ላይ ቀረች።

ከሊል አይዋሽም። ሰዉ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዕቃው ሲጠየቅ እንኳ እንከኑን ራሱ ነው የሚናገረው። ከመስኮቱ ውጪ ባወጣው ሳጥን ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«ገባ» አለ። «ገብቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሽማግሌው ተቀመጥ አሉት፤ አልተቀመጠም። ደግመው አሉት፤ አልተቀመጠም። በሦስተኛው ዱላቸውን አንሥተው መሬቱን መቱት፤ ወላሂ ንቅንቅ አላለም።»

«ቆሞ?»

«ቆሞ።»

«እና ሱቁ?»

«ሱቁን ሰጡን። ጨዋ ሰው ነው አሉት።»

ሚፍታህ ወደ ብረቱ ዞሮ የሽጉጤን ጀርባ እንደ አዲስ ሰው አየው። ሁለቱ ነጋዴዎች ተያዩ። ፊቤ ፊቷን ስኳሩ ውስጥ ሊገባ እስኪደርስ ድረስ ደፋች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሊል ከተናገረው ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ሐሰት አልነበረችም፤ የትሪው ነገር ብቻ ነው የቀረው፤ ስለ ትሪ ደግሞ የጠየቀው የለም። ይህን ሰው ይወደዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ስድስት ዓመት በግድግዳ በኩል አበግኖታል፣ አሥራ ስድስት ቀን በመስኮት በኩል በሕይወት አቆይቶታል፣ ከሱ የተሻለ ጎረቤት አላህ ቢሰጠው ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም።

ያን ጊዜ በዳቦው ቀዳዳ በኩል የሽጉጤ ፊት ብቅ አለ፤ ጎንበስ ብሎ።

«ከሊል፣ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው እንዴ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለትክክለኛነት ብቻ እንደሚጨነቅ ሰው። «አራት መሰለኝ እኮ።»

ከሊል ወደ ሚፍታህ ዞረ።

«ይቅርታ፣ ልክ ነው» አለ። «አራት ጊዜ ነው።»